ክረምቱን ንቦች እንዳይኮበልሉ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ጎማ ወረዳ፣ ቡና ማሳ ውስጥ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ አለኝ። ዝናቡ ከበረታ ወዲህ ቀፎዎቹ ቀለዋል፣ የማር እንጀራው ባዶ ነው። ምን ልመግባቸው? ለከርሞስ ምን ልትከል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ 1 ኪሎ ስኳር ከእሳት በወረደ 1 ሊትር ፍል ውሃ አሟሟ። እሳት ላይ ካረረ ንቦቹን ይጎዳል። ሲቀዘቅዝ፣ አመሻሽ ላይ ቀፎው ውስጥ አስቀምጥ፤ ጭድ ወይም ስንጥር ካልጣልክበት ይሰምጣሉ። ቀን ከሰጠህ ወይም ውጭ ካፈሰስክ የሌላ ቀፎ ንብ ለዘረፋ ይመጣል፣ ደካማው መንጋ የሚያልቀውም እንዲህ ነው። መግቢያውን አጥብብ። የገበያ ማር ግን በጭራሽ፤ በሽታ ይዞ ይገባል።

መልስ 2፦ ስኳር ብቻውን እጭ አያሳድግም፤ ጥቂት በሶ በደረቁ ጨምርላቸው። ባዶውን የላይኛ ሳጥንም አንሳ፤ ንብ ያልሸፈነው እንጀራ የሰም እሳት እራት መፈልፈያ ነው። በማቆሚያው እግር ዙሪያ አመድ ነስንስ፣ ዝናብ ሲያጥበው ድገም። ጉንዳን ቀፎውን ለመጨረስ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

መልስ 3፦ ለተከላማ ጊዜው አሁን ነው። ግራዋ ከቁራጭ ይጸድቃል፣ በበጋ ያብባል። የቡና አበባ ዝናብ ሲነካው ፈክቶ በጥቂት ቀን ይረግፋል፤ በእሱ ብቻ አትተማመን። ማሳህ ዳር ገተማ የሚባለው ዛፍ ካለ ለጥላ በዛ ብለህ እንዳትቆርጠው፣ ነጩ ማር ከእሱ ነው።