እናቴን ቤት ውስጥ የምትንከባከብ ሰው ልቀጥር ነው፦ አማርኛ የምትችለዋን ወይስ ሥልጠና ያላትን?

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ወገኖቼ፣ ምክር ፈልጌ ነው። እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ወደዚህ ከመጣች 9 ዓመት ሆናት። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሟ አልዛይመር፣ የመርሳት በሽታ ነው አለን። እስካሁን እኔና ባለቤቴ ሥራችንን እያፈራረቅን ይዘናታል፤ አሁን ግን ከአቅማችን በላይ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ጀበናውን ጥዳ ረስታው ጭሱ ቤቱን ሞልቶ ደረስኩ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች። "ቤቴ ልሂድ፣ ደጅ ልውጣ" እያለች በሩን ትጎትታለች። ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠምኩ፤ በሩ እምቢ ሲላት ታለቅሳለች።

ሁለት ሰው አግኝቻለሁ። አንዷ በኤጀንሲ የምትመጣ ናት። የመርሳት በሽታ ሥልጠና አላት፣ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነው የምትናገረው። ሌላዋ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ናት። እማዬን ትወዳታለች፣ የሥልጠና ወረቀት ግን የላትም። እማዬ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) አላት። ወንድሞቼ ከአዲስ አበባ እየደወሉ "እናታችንን ለባዕድ ልትሰጫት ነው?" ይሉኛል። በዚህ ያለፋችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ? ስቀጥርስ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ 1 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ አይዞሽ። አባቴን አራት ዓመት አስታምሜያለሁ። ዲሲ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ የነዳ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻል ነበር። በሽታው ሲገፋ እንግሊዝኛው ጥሎት ሄደና የልጅነት አማርኛው ብቻ ቀረ። ብዙ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚሆን ሐኪሙ ነገረን።

የመጀመሪያዋ ተንከባካቢ ጥሩ ሰው ነበረች፣ በስልኳ እያስተረጎመች ነበር የምትግባባው። አባቴ "ደጅ ልውጣ" ሲላት ስልኩ ከቤት መውጣት ይፈልጋል ይላታል፣ እሷም እንዳይጠፋ ብላ በሩ ላይ ትቆማለች። አባቴ ያደገው ጎጃም ገጠር ነው፤ ደጅ መውጣት ማለት ለሱ ሽንት ቤት ነው። ይጮኻል፣ ይገፋታል፣ ከዚያ ልብሱ ይረጥባል፣ ያፍራል። "ኃይለኛ ሆኗል" ተብሎ ተጻፈበትና የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊታዘዝለት ነበር። አንድ ቀን ቤት ሆኜ በጆሮዬ ባልሰማ ኖሮ ይታዘዝለት ነበር። ስለዚህ እኔ አማርኛውን አስቀድማለሁ።

መልስ 2 (ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ሜሪላንድ)

ወንድሜ ያለው እውነት ነው፣ ግን አማርኛ ብቻውን አይበቃም። አንዲት እናት "እማዬ የት ሄደች?" እያሉ ይጠይቃሉ። አማርኛ የምትችለዋ ልጅ በቅንነት "እማማ፣ እናትዎ እኮ ድሮ ሞተዋል" ትላቸዋለች። እሳቸው ያንን ቀን ገና እንደ ተረዱ ሰው ደረታቸውን ይመታሉ። በማግስቱ ረስተውት እንደገና ይጠይቃሉ፣ እንደገና መርዶ። ሥልጠና ያላት ብትሆን "ስለ እናትዎ እስቲ ያጫውቱኝ" ትላቸው ነበር። የመርሳት በሽተኛን በክርክር ማሸነፍ አይቻልም።

ሁለቱንም ሴቶች ይህን ጠይቂያቸው፦ "እናቴ ገላዬን አልታጠብም ብትል ምን ታደርጊያለሽ?" "አለባቸው፣ አሳጥባቸዋለሁ" ካለችሽ ተጠንቀቂ። "ትንሽ ቆይቼ እሞክራለሁ፣ ውሃው ሞቅ ይበል፣ በፎጣ ሸፍኜ እጀምራለሁ" ያለችሽን ያዢ። ኤጀንሲውን ደግሞ ሠራተኛዋ ስትታመም ማን እንደሚተካት፣ በየሳምንቱ ፊት ይቀያይሩ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂ፤ አዲስ ፊት ያስፈራቸዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ለኤጀንሲዎቹ ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ የጤና እንክብካቤ ጥራት ቢሮ ነው። የምትመጣው ሲኤንኤ (ምስክር ወረቀት ያላት የነርስ ረዳት) ነኝ ካለች የምስክር ወረቀቷን የሜሪላንድ ነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስሟን አስገብተሽ ታገኚዋለሽ።

ሰዓቱንም አስቢበት። ብዙ ቤተሰብ ጠዋት ይቀጥራል፣ ጭንቁ ግን ያለው ወደ ማታ ነው። እንዳልሽው ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ብትሆን ይሻላል። እና አንድ ነገር፦ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከባሰባቸው "በሽታው ነው" ብለሽ አትተይው፣ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያደርጋል፣ ይታከማልም።

መልስ 3 (ባልቲሞር)

እኔ ስለ ገንዘቡ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን፣ በየቀኑ ለሚያጥብ፣ ለሚያበላ፣ ለሚጠብቅ ሰው አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለአጭር ጊዜ የነርስና የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ነው። የቤት ውስጥ ረዳት የሚሸፍነው ሜዲኬድ ነው። ሜሪላንድ አክሰስ ፖይንት ለሚባለው የእርዳታ መረጃ መስጫ ቢሮ ደውለሽ ኮሚዩኒቲ ፈርስት ቾይስ ስለሚባለው የሜዲኬድ የቤት ውስጥ እርዳታ ፕሮግራም ጠይቂ። ቤት ድረስ መጥተው ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልጋት ይገመግማሉ። ያን ቀን እንግዳ መጣ ብላ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ "ምንም አልሆንኩም" ልትል ትችላለች። ስለዚህ የጀበናውን፣ የበሩን፣ የሌሊቱን ነገር ከነቀኑ ጽፈሽ ጠብቂያቸው።

ከቤተ ክርስቲያን የምታውቂያትን እህት ደግሞ ኤጀንሲው እንዲቀጥራት መጠየቅ ትችያለሽ። የጀርባ ምርመራ ያደርጉላታል፣ አስፈላጊውን ሥልጠና ትወስዳለች፣ ደመወዟም በሕጋዊ መንገድ ይከፈላል። እኛ ለአክስቴ እንዲህ ነው ያደረግነው። እሺ የሚል ኤጀንሲ እስክናገኝ ሦስት ቦታ ጠይቀናል።

እማማ መደበኛው ሜዲኬር (በግል ኢንሹራንስ በኩል ያልሆነው) ካላቸው ጋይድ ስለሚባለው የሜዲኬር የመርሳት በሽታ ፕሮግራም ሐኪማቸውን ጠይቂ። በጁላይ 2024 ነው የተጀመረው። ሁኔታቸው ከፍ ያለ ከሆነ ቤተሰቡ እረፍት እንዲወስድ ለተተኪ ተንከባካቢ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይከፍላል። ሌሊት ሲጨንቅሽ ደግሞ የአልዛይመር አሶሲዬሽን ስልክ 24 ሰዓት ይሠራል፣ 1-800-272-3900። አስተርጓሚም አላቸው።

መልስ 4 (አዲስ አበባ)

እኔ ያለሁት ወንድሞችሽ ባሉበት አዲስ አበባ ነውና ስለ እነሱ ልናገር። እናቴን እዚህ ሳሪስ የማስታምመው እኔ ነኝ፣ ውጭ ያሉት እህቶቼም እንደዚሁ በስልክ ይናገሩኝ ነበር። አንዷ መጥታ ሦስት ሳምንት አብራን አደረች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ወንድሞችሽን ማታ በቪዲዮ ደውለሽ እናትሽ በሩ ላይ ያለችበትን ሰዓት አሳዪያቸው።

እዚህ ኤጀንሲ ብሎ ነገር ብዙም የለም፤ የቤት ሠራተኛ፣ ጎረቤት፣ የሱቁ ልጅ፣ የሰፈሩ ዘበኛ ናቸው የሚረዱኝ። ሁሉም ፎቶዋን ያውቃሉ። ስልክ ቁጥሬን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰፍቼዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ በሱ ተገኝታለች። እዛ ደግሞ ስምና ስልክ የተጻፈበት የእጅ አምባር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አድርጊላት። የውክልናውንም ጉዳይ እናትሽ ነገሩ እየገባት ሳለ ጨርሺው። እኛ ዘግይተን ፍርድ ቤት ተመላልሰናል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያቺን እህት ሁለት ኤጀንሲ እንዲቀጥራት ጠየቅኩ፤ አንዱ እሺ ብሏል። ሥልጠናዋን ስትጨርስ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት እኔ ቤት እያለሁ ትመጣለች። እማዬ የምትላቸውን ቃላትና ምን ማለቷ እንደሆነ በደብተር እየጻፍኩላት ነው። ለወንድሞቼም ትናንት ማታ ደወልኩ፤ ታላቁ ምንም ሳይናገር ቆየና መጋቢት ላይ እመጣለሁ አለኝ።

የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ እማዬም የገጠር ልጅ ናት፣ የመርሐቤቴ። ትናንት "ደጅ ልውጣ" ስትል ቁልፉን ትቼ እጇን ይዤ ሽንት ቤት ወሰድኳት። ተጠቀመችና መጥታ ተቀመጠች። ዛሬ ሞከርኩ፣ ዛሬ አልሆነም፣ በሩን ነበር የፈለገችው። አብሬያት ወጥቼ ግቢውን ሁለቴ ዞርንና ተመለስን።