ወደ ሚኒሶታው ሚል ላክስ ሐይቅ የሚደረገው የዓሣ ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ እንጨርስ

ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የወጣቶች ተጠሪ ያነሳውን የዓሣ ጉዞ የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ በጥሩ ዓይን አይቶታል። ለጉባኤው የሚቀርበው ግን ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ መሆን አለበት። እስካሁን በእጄ ያለው ረቂቅ ይህ ነው፦ «በኖቬምበር ሦስተኛው ቅዳሜ 12 አባላት ጋይድ (በጀልባው ይዞ የሚያስጠምድ መሪ) ተቀጥሮላቸው ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ዋልአይና ማስኪ የሚባሉትን ዓሦች ያጠምዳሉ። ማኅበሩ የወጪውን ግማሽ ይችላል። የተያዘው ዓሣ ለማኅበሩ እራት ይቀርባል።» አስተያየት ያላችሁ ከነምክንያታችሁ ጻፉ። «እደግፋለሁ» ብቻ ብሎ መውጣት ረቂቁን አያሻሽለውም።

የወጣቶች ተጠሪ፦

ኖቬምበርን የመረጥኩት ዝም ብዬ አይደለም። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቱሊቢ የሚባለው ዓሣ እንቁላል ለመጣል ጥልቀት ወደሌለው ድንጋያማ ቦታ ይወጣል፤ ማስኪም እሱን ተከትሎ ይመጣል። ለክረምቱ ስብ የሚይዘው ያን ጊዜ ነው። የሚኒሶታን የክብደት ሪከርድ የያዘው ማስኪ የወጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ ኖቬምበር 22 ቀን 2021፣ 55 ፓውንድ ከምናምን፣ ወደ 25 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሪከርድ ከ1957 ጀምሮ የሚደርስበት ጠፍቶ ኖሯል። ዋልአይ ደግሞ ከ1965 ጀምሮ የስቴቱ መለያ ዓሣ ነው፤ እዚህ ይህን ያህል ዘመን ኖረን የሱቅ ቲላፒያ ብቻ ስንበላ መክረማችን ያሳፍራል። ወጣቶቹ ስብሰባ ሲባሉ አይመጡም፤ ለዚህ ግን ደውለው ደውለው አስጨንቀውኛል።

የሴንት ክላውዱ (የሴንት ክላውድ ከተማ አባል)፦

ወንድሜ፣ ስለ ዓሣው ያልከው ልክ ነው። ችግሩ የምንሄደው ሰዎች ላይ ነው። ማስኪን እዚህ አገር «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል፤ ብዙም አላጋነኑም። ቀኑን ሙሉ ከባድ ዘንግ ሲወረውሩ ውለው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነካላቸው የሚመለሱት የለመዱት ናቸው። ጀልባው ሥር ድረስ ተከትሎ ይመጣል፣ ያይሃል፣ ይሄዳል። ለዚያ ሲባል ማባበያውን ከውሃ ከማውጣትህ በፊት በዘንጉ ጫፍ ስምንት ቁጥር እየሠራህ ታዞረዋለህ፤ ይህን በእያንዳንዱ ውርወራ መጨረሻ ላይ ማድረግ አለብህ። በኖቬምበር ሦስተኛ ሳምንት ደግሞ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በረዶ ይይዛሉ፤ እያቆሙ ማራገፍ ነው። ጀልባ የሚወርድበት ቦታ ራሱ ሊንሸራተት፣ ዳር ዳሩም ሊረጋ ይችላል። ዘንግ ይዞ የማያውቅ ሰው እዚያ ወስደን በመጀመሪያው ቀን ብናስጠላው ሁለተኛ አናገኘውም።

«የተያዘው ለእራት» የሚለውም ማስኪን ከጨመረ አይሆንም። በአብዛኛው የስቴቱ ሐይቅ ከ54 ኢንች (137 ሳንቲ ሜትር) ያነሰ ማስኪ መልሶ መልቀቅ ግዴታ ነው። ከዚያ የሚበልጠውንም ቢሆን እኔ የማውቃቸው ጋይዶች አያስቀሩትም። የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ያን ያህል የምትደርሰው ደግሞ ሴቷ ናት። እሷን መብላት የምትወልድ ላም እንደ ማረድ ነው። አያያዙም የራሱ ሥርዓት አለው፦ ትልቅ መረብ፣ ረጅም ፒንሳ፣ መንጠቆው አልወጣ ካለ ደግሞ የሚቆርጠው ብረት መቁረጫ። ዓሣው መረቡ ውስጥ ሆኖ ውሃ ውስጥ ይቆያል። ፎቶ ከሆነም በሁለት እጅ አግድም ይዞ ቶሎ መመለስ ነው፤ አየሩ ከዜሮ በታች ሲሆን ስንጥቡና ዓይኑ በቅጽበት ይጎዳል። ስልክ እስኪከፈት የሚጠበቅበት ጊዜ የለም።

ዋልአዩ ሌላ ጉዳይ ነው። ሚል ላክስ እንደ ሌላው ሐይቅ አይደለም። በ1837 ውል መሠረት ኦጂብዌ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች በዚያ አካባቢ የማጥመድ መብታቸው የተጠበቀ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 አጽንቶታል። ስለዚህ ሊያዝ የሚችለው የዋልአይ መጠን በስቴቱና በስምንት የኦጂብዌ ጎሳዎች (ባንዶች) መካከል ይከፋፈላል። ለእኛ የሚደርሰው ቁጥርና ርዝመት በየዓመቱ ይለወጣል፣ አንዳንዴም በወቅቱ መሃል። አንድም ማስቀረት ያልተፈቀደባቸው ጊዜያት ነበሩ። ይህን ሳናውቅ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው እራት ቃል መግባት አንችልም። የእራቱን ዓሣ እንግዛ፤ ሐይቁ የሰጠንን እዚያው ጠብሰን እንብላ።

የእኔ ሐሳብ፦ ጉዞው ለሁለት ይከፈል። በኦክቶበር አጋማሽ ዋልአይ ለብዙ ሰው፣ በኦክቶበር መጨረሻ ማስኪ ለጥቂት ሰው፣ በራሳቸው ወጪ። ወቅቱ እስከ ዲሴምበር 1 ስላለ የሚዘጋብን የለም። የኖቬምበርን መጀመሪያ ግን ተዉት፤ የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቅዳሜ ስለሆነ ማረፊያው ሁሉ በአዳኞች ይሞላል።

የወጣቶች ተጠሪ፦

እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል። ግን ማስኪው «በራሳቸው ወጪ» ከተባለ የሚሄዱት አቅም ያላቸው ብቻ ይሆናሉ። ቢያንስ አንድ ጀልባ በዕጣ ይሁን።

ነርሷ፦

ማንም ያላነሳውን እኔ ላንሳ። መዋኘት የምንችል ስንቶቻችን ነን? ብንችልስ? በዚያ ወቅት ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነው። የቀዝቃዛ ውሃ አሠልጣኞች 1-10-1 የሚሉት አለ፦ ከወደቁ በኋላ 1 ደቂቃ ትንፋሽን ለመግዛት፣ 10 ደቂቃ እጅና እግር የሚታዘዙበት፣ 1 ሰዓት ያህል ራስን እስከ መሳት። ላይፍ ጃኬት ያላደረገ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል፤ ድንገት በድንጋጤ ሲተነፍስ ውሃ ይገባዋል። ሕጉ እንዲለብሱ የሚያስገድደው ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። የእኛ ጽሑፍ ግን «ሁሉም ሰው፣ ጀልባ ላይ እግሩን ካሳረፈ ጀምሮ እስኪወርድ» ይበል። በወፍራም ካፖርት ላይ የሚገጥም መጠን መኖሩን ጋይዱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ቢራም ከጀልባ ከወረድን በኋላ። የልብ ችግር ያለበት ደግሞ ከዳር ያጥምድ፤ እኔም እዚያው እሆናለሁ።

ሌላው ሜርኩሪ ነው። ሌላ ዓሣ እየበላ የሚያድግ ትልቅ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። ነፍሰ ጡሮች፣ ለማርገዝ የሚያስቡና ልጆች ማስኪና ትልልቅ ዋልአይ አይብሉ፤ ትንንሹንም በመጠኑ። እናቶች እየጎረሱ እኔ መጥቼ እንዳልከለክል አሁን ይታወቅ።

የሴንት ክላውዱ፦

ነርሷ ላይ አንድ ልጨምር። ሐይቁ ወደ 132,000 ኤከር ነው፤ ከዝዋይ ይሰፋል። የጠለቀው ቦታ ግን 42 ጫማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ዝርግ ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል። ስለዚህ ጋይዱ «ዛሬ አንወጣም» ካለ አንከራከረውም፤ «ከሚኒያፖሊስ 100 ማይል ነድተን መጥተን!» የሚል ሰው እንዳይኖር ይጻፍልኝ።

ሒሳብ ያዥ፦

ወደ ቁጥሩ ልምጣ። በስልክ የተነገረን ዋጋ ለአንድ ጀልባ ሙሉ ቀን፣ እስከ 3 ሰው፣ 600 ዶላር ነው። ለ12 ሰው 4 ጀልባ፣ 2,400። የጋይዶቹ ጉርሻ 20 በመቶ ሲታሰብ 480። ጠቅላላ 2,880፣ ለአንድ ሰው 240። የማጥመጃ ፈቃድ፣ ቤንዚንና ምግብ ከዚህ ውጭ ነው። ግማሹን ማኅበሩ ይቻል የሚለውን አልቀበልም። የመዝናኛ በጀታችን ትንሽ ነው፤ ከመረዳጃው ቋት ደግሞ አንድ ዶላር አይነካም። እሱ ሰው ሲሞትብን አስከሬን የምንሸኝበት ገንዘብ ነው። ማኅበሩ በሰው 80 ቢችል አባሉ 160 ይከፍላል። ከዚያ በላይ የሚል ካለ ምንጩን ያሳየኝ።

ቀብድም አለ። ጋይዱ በነፋስ ምክንያት ከሰረዘ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይዛወራል? ይህ በጽሑፍ ካልመጣ ቼክ አልጽፍም። በራሱ ምክንያት የቀረ አባል ቀብዱን ያጣል፤ ተተኪ ካመጣ ግን ይመለስለታል። ማስኪውን በዕጣ የሚለውን እደግፋለሁ፤ አንድ ጀልባ፣ 2 ሰው። ጀልባው ያው 600 ስለሆነ ከጉርሻው ጋር በሰው 360 ይመጣል፤ ማኅበሩ የሚችለው ያው 80 ብር... ይቅርታ፣ ዶላር ነው።

የሴቶች ክፍል፦

ረቂቁ «12 አባላት» ይላል፤ ሁላችሁም የታያችሁ ግን 12 ወንዶች ናቸው። ጀልባ ላይ ቢያንስ 4 ቦታ ለሴቶች ይያዝ። ቀሪው ቤተሰብስ? ከአይል ከተማ አጠገብ ፋዘር ሄኔፒን የሚባል የስቴት ፓርክ አለ፤ ከዳር ሆኖ ማጥመጃ መድረክ አለው፣ መጥበሻ ቦታም አይጠፋም። ከ16 ዓመት በታች ያሉ የሚኒሶታ ልጆች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። በመኸር ደግሞ ዋልአይ ሲመሽ ወደ ዳር ይጠጋል ይባላል፤ ልክ ከሆነ የልጆቹ ዕድል ከጀልባዎቹ አያንስም። የኤም ኢ ኤ የትምህርት ቤት ዕረፍት በኦክቶበር ሦስተኛው ሐሙስና ዓርብ ነው፤ ተከትሎት የሚመጣው ቅዳሜ ለሁሉም ይመቻል።

ሚጥሚጣውን፣ ሎሚውንና ዳቦውን እኛ እናመጣለን። ዓሣ የሚሰነጥቀው ግን የያዘው ሰው ነው! ሙስሊም እህቶቻችን እንዳይሳቀቁ መጥበሻና ዘይቱ አዲስ ይሁን፤ ሌላ ሥጋ የነካ ዕቃ አይምጣ።

የሴንት ክላውዱ፦

ስለ ዳሩ ልክ ነሽ እቴ። ዜብራ ማስል የሚሏት ባለ ሁለት ዛጎል ባዕድ ፍጥረት ሐይቁ ውስጥ ከገባች ወዲህ ውሃው ጠርቷል። ዋልአይ ዓይኑ ብርሃን አይወድምና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚነቃው። ስለዚህ የጀልባ ሰዓቱንም ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስከ ማታ እናድርገው እንጂ በሌሊት ተነስተን አንቸገር። ከዚሁ ጋር፦ የሐይቁን ውሃ በባልዲም ሆነ በማቀዝቀዣ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ሐይቁ ላይ እያለን ፊሌቶ ማውጣትም የለም፤ ርዝመቱ መለካት አለበት። ወደ ቤት የሚሄድ ፊሌቶ ደግሞ ዓሣው እንዲለይ ቆዳው ከነቅርፊቱ አንድ ኢንች ካሬ ይተውለት።

የሽማግሌዎች ተወካይ፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ መነጋገር እንዲህ ነው። እኔ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ የምትሉት ቅዳሜ ጽጌ ውስጥ ነው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ የያዘውም ያልያዘውም ይኖራል፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚያ ሐይቅ ዳር እንዳትከፍቱት። ለሚጾም ሽሮ ይኑር፣ አለቀ። እሑድን ያልነካችሁት ጥሩ አድርጋችኋል። ማታ ቶሎ እንመለስና ለቅዳሴ የሚደርስ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ይህ ዋልአይ የተባለው ክንፍና ቅርፊት አለው ወይ? አምባዛ የማይበሉ ብዙ አባቶች አሉና።

የሴንት ክላውዱ፦

ሁለቱም አለው አባቴ። ማስኪም አለው፤ እሱን ግን አንበላውም።

የወጣቶች ተጠሪ፦

አንድ ልጅ «ለምን ጃንዋሪ በረዶው ላይ ቤት ተከራይተን አናጠምድም፤ ማሞቂያም አለው» ብሎኛል። ይጨመር?

ጸሐፊ፦

የበረዶው በራሱ ሌላ ሐሳብ ሆኖ ይምጣ፤ እዚህ ከገባ ጽሑፉ ሁለት ገጽ ይሆናል። እስካሁን ባላችሁት መሠረት ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦

«ማኅበሩ ከኤም ኢ ኤ ዕረፍት ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ወደ ሚል ላክስ የቤተሰብ ጉዞ ያዘጋጃል። 12 አባላት፣ ከእነዚህ ቢያንስ 4 ሴቶች፣ በ4 ጀልባ ከጋይድ ጋር ከቀትር በኋላ ዋልአይ ያጠምዳሉ፤ ሌላው አባል ከነልጆቹ ከፓርኩ ዳር ያጠምዳል። ማኅበሩ ከመዝናኛ በጀት ለአንድ የጀልባ ተጓዥ 80 ዶላር ይችላል። በኦክቶበር መጨረሻ ቅዳሜ 2 አባላት በዕጣ ተመርጠው በአንድ ጀልባ ለማስኪ ይሄዳሉ፤ የማኅበሩ ድርሻ ያው ነው፣ የሚይዙትን ሁሉ ይለቃሉ። ጀልባ ላይ ያለ ሁሉ ላይፍ ጃኬት ይለብሳል። አየሩን በተመለከተ የጋይዱ ቃል የመጨረሻ ነው። ማስቀረት የሚፈቀደው ዓሣ ቁጥርና ርዝመት በሳምንቱ ከዲ ኤን አር (ከስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት) ታይቶ ለተጓዦች ይነገራል። የተያዘው እዚያው ይበላል፤ ለማኅበሩ እራት የሚታሰብ ዓሣ የለም።»

ሒሳብ ያዥ፦

የቀብዱ ነገር ወድቋል።

ጸሐፊ፦

ልክ ነህ። ከ«80 ዶላር ይችላል» ቀጥሎ ይህ ይገባል፦ «ቀብድ የሚከፈለው ጋይዱ ሲሰርዝ ገንዘቡ እንደሚመለስ ወይም ቀኑ እንደሚዛወር በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው።» ኢንሹራንስ እንዳለውም አብሮ ይጠየቃል። ጋይዶቹን ማን ይደውልላቸው?

የሴንት ክላውዱ፦

እኔ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሰኞ እደውላለሁ። አራተኛውን የወጣቶች ተጠሪ ይፈልግ።

የሴቶች ክፍል፦

የመጀመሪያ 4 ስሞች ከእኛ ዛሬ ማታ ይደርሱሃል ጸሐፊ። ሌሎቹን 8 እናንተ ተከራከሩባቸው።