የጉማራ ነጭ ዓሣ ማስፈልፈያ ረቂቅ፦ እስከ ሰኔ 30 የሚላክ

የማስፈልፈያው ባለሙያ
ማኅበራችን ለረጂው የሚልከውን ረቂቅ ለጥፌዋለሁ፤ ሁለት ገጽ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከሐምሌ ጀምሮ ነጭ ዓሣ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጉማራ ወንዝ ሲገባ፣ ወንዙ ዳር በሚሠራ ትንሽ መጠለያ እንቁላሉን ተቀብለን ማስፈልፈልና ጫጩቱን መልሰን እዚያው ጉማራ ውስጥ መልቀቅ። ገበያ ላይ በአንድ ስም የምንሸጠው ዓሣ ወደ 15 የሚሆን ዝርያ እንዳለው፣ አብዛኛውም ከጣና በቀር በዓለም ላይ እንደማይገኝ እዚህ ላለ ሰው አልነግርም። ከእነዚህ ሰባቱ እንቁላላቸውን ለመጣል ወንዝ ይገባሉ። የወንዙ አፍ በመረብ ሲዘጋ እንቁላል ሳይጥሉ ያልቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በሐይቁ ላይ በተደረገው ጥናት ክምችቱ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ያኔ እምቦጭ አልነበረም፤ ስሱ የፕላስቲክ መረብም እንደዛሬው አልተስፋፋም።
በጀቱ፦ ገንዳ፣ ፓምፕ፣ የደለል ማጣሪያ፣ የኦክስጅን መለኪያ፣ የሌሊት ጥበቃና አንድ ሞተር ሳይክል። አስተያየት እስከ ሐሙስ።

ገንዘብ ያዥ
አነበብሁት። ሞተር ሳይክሉ የት ነው የሚያድረው?

የማስፈልፈያው ባለሙያ
ወረታ። ለጉማራ የሚቀርበው እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ወረታ ማን ቤት?

ከወረታ
ማን ቤት ማለት ምን ማለት ነው? ቅርንጫፍ አለን፤ ቅርንጫፉ ግቢ አለው።

ገንዘብ ያዥ
ጀነሬተሩም ግቢ ነበረው። «ለጊዜው» ተብሎ ከገባ በኋላ ያየው ሰው ካለ ይናገር። የማኅበሩ ንብረት ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት ማደር አለበት፤ ሊብሬውም በማኅበሩ ስም ይውጣ። ይህ ካልተጻፈ አልፈርምም።

ከደልጊ
ረቂቁ ግሩም ነው። የፓምፑንና የገንዳውን ፕሮፎርማ እኔ አመጣለሁ፤ ጎንደር ሦስት ሱቅ አውቃለሁ። እስከ ሰኞ ተዉልኝ።

የማስፈልፈያው ባለሙያ
ባሕር ዳር ካደረ ሞተር ሳይክሉ ምንም አይሠራልኝም። ሥራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቲቱን በእርጥብ ጨርቅ ይዤ ሆዷን ከፊት ወደ ኋላ በቀስታ አብሳለሁ፤ እንቁላሉ ደረቅ ሳህን ላይ ይወርዳል። የወንዱን ዘር ጨምሬ በዶሮ ላባ አማስለዋለሁ። ውኃ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ እንቁላሉ ሳይዳብር ይዘጋል። ከዚያ ጥበቃው ይጀምራል። የሞተ እንቁላል ይነጣል፤ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው ወደ ደኅናው ሳይዛመት ቀንም ሌሊትም አንድ በአንድ መልቀም ነው። የነሐሴ ጉማራ ደግሞ ጭቃ ነው። ማጣሪያው ሲደፈን ወይም ፓምፑ ሲቆም እንቁላሉ ታፍኖ ያልቃል፤ በዚያ ሰዓት ከወረታ ሰው መድረስ አለበት። ሞተር ሳይክሉን የጠየቅሁት ለዚህ እንጂ ለከተማ መመላለሻ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ
ስለ እንቁላሉ አልተከራከርሁም። የት ያድራል ነው ያልሁት።

ከወረታ
በስም ጥቀስ! ጀነሬተሩ እኔ ግቢ ነበር፤ ሲበላሽ ለጥገና የወሰደው ማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ቃለ ጉባኤው ይከፈት ካልህ እኔም ዝግጁ ነኝ፤ የማን ፊርማ እንዳለበት ሁሉም ያያል።

ገንዘብ ያዥ
ይከፈት።

ባለ ጀልባ
ይከፈት! ቤንዚኑም አብሮ ይታይ። የዚያን ክረምት ለጥበቃ የተያዘው ቤንዚን የማንን ጀልባ እንዳንቀሳቀሰ ይታወቃል።

ከወረታ
ቤንዚኑን አንተ ታነሣዋለህ?

ከጎርጎራ
ተዉ እንጂ። እኔ በደንገል ታንኳ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሞተር ጀልባና ትልቁ መረብ በ1978 ሲገባ አብሬ ነበርሁ፤ ያኔም የተጣላነው ጀልባው የት ይቁም ብለን ነው። ስለ ዓሣው የተናገረ አልነበረም። ሁለታችሁም በአንድ ቀብር የቆማችሁ ሰዎች ናችሁ። ጀነሬተሩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቆዩት፤ እዚህ ይብቃ።
ልጄ፣ አንድ ልጠይቅሽ። ርብስ? መገጭስ? ለምን ጉማራ ብቻ?

የማስፈልፈያው ባለሙያ
ጋሼ፣ ገንዘቡ ለአንድ ወንዝ ብቻ ስለሚበቃ ነው። ሌላም አለ፦ የርብን ዓሣ እንቁላል ጉማራ ብፈለፍል ዝርያ አደባልቃለሁ። እያንዳንዱ ወንዝ ለራሱ፣ እያንዳንዱ ዝርያ ለብቻው ገንዳ፣ ወላጆቹም ብዙ መሆን አለባቸው። ከሁለትና ከሦስት እናት ብቻ ሺህ ጫጩት ብናወጣ ቁጥሩ ያምራል እንጂ ሐይቁን ወንድምና እህት እንሞላዋለን። ጉማራ መልክ ከያዘ ርብ ይከተላል።

ከወረታ
እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ትቼዋለሁ። ሞተር ሳይክሉ ግን ወረታ ነው የሚያድረው።

ገንዘብ ያዥ
እኔም ለእርስዎ ብዬ ጀነሬተሩን አቆየሁት። ማደሪያው ባሕር ዳር ነው።

ባለ ጀልባ
ሞተር ሳይክሉ ካጣላን ይውጣ። በምትኩ የጀልባ ሞተር እንግዛና የጉማራን አፍ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንጠብቅ። ጀልባ ውኃ ላይ ያድራል፤ ማን ቤት የሚባል ነገር የለም። መረቡን ከአፉ ካነሣን ዓሣው ራሱ ይወጣል፤ ላባና ሳህንም አያስፈልግ።

የማስፈልፈያው ባለሙያ
ጥበቃውን አልቃወምም፤ ከማስፈልፈያው በፊት መምጣት ያለበትም እሱ ነው። ግን ጥበቃው አፉ ላይ ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። ዓሣው ሽቅብ ወጥቶ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውኃ የሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው፤ ጠጠሩን ደግሞ ከነአሸዋው በመኪና እየጫኑት ነው። በላይኞቹ ገባሮች ዓሣ የሚመርዘው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተፈጭቶ እየተበተነ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይሞታል። በመርዝ ማስገርን አዋጅ 315/1995 ይከለክላል፤ ጅረቱ ዳር ቆሞ የሚከለክል ግን የለም። ጀልባ እዚያ አይደርስም፤ ሞተር ሳይክል ይደርሳል።

ባለ ጀልባ
አሁንም ሞተር ሳይክል!

ሰብሳቢ
ሰሞኑን መስክ ስለነበርሁ ዘግይቻለሁ። የጀልባው ሐሳብ ይግባ፤ ሞተር ሳይክሉ ወጥቷል፤ በዚህ ላይ ክርክር አልከፍትም። አሁን ወደ ቅጹ። ረጂው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ወጣት ይጠቀማል፣ በአንደኛው ዓመት ምን ገቢ ይገኛል። ነጭ ዓሣ አድጎ ለመራባት ዓመታት ይፈልጋል። በዚህ ቅጽ ላይ ዜሮ ብለን ልንጽፍ ነው?

ከወረታ
ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ፣ እንጨምር። ፎገራ ላይ ኩሬ ቢቆፈር ወጣቱ ከሩዙ ጎን ዓሣ ያረባል፤ ቆሮሶ በወራት ለገበያ ይደርሳል። ጫጩቱን ሰበታ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል እናስመጣለን። ኩሬው ወረታ ላይ ይሁን።

ሰብሳቢ
ጥሩ ነው። «ዋና ተግባር» የሚለው ላይ ኩሬው ይግባ፤ ማስፈልፈያው «ተጨማሪ ተግባር» ይሁን።

የማስፈልፈያው ባለሙያ
ይህን አልቀበልም። ረቂቁ የተጻፈው ሊጠፋ ለደረሰ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ሊጠፋ አልደረሰም። ደግሞ ፎገራ በክረምት ምን እንደሚመስል ወረታ ላለ ሰው ልንገር? ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ኩሬው ይሞላል፣ ከሌላ ውኃ የመጣው ቆሮሶ ወጥቶ ርብና ጉማራ ይገባል፣ ከዚያ ጣና ነው። የጣና ቆሮሶ የራሱ ነው፤ አንዴ ከተደባለቀ በኋላ ለይቶ የሚያወጣው የለም። ዝርያ ለማዳን ብለን በጻፍነው ወረቀት ሌላውን ዝርያ ልናበላሽ ነው። ወጣት ከፈለጋችሁ ለጥበቃው፣ ለእንቁላል ለቀማው፣ ለማጣሪያው እጥበት ወጣት ያስፈልገኛል፤ ደመወዛቸው በበጀቱ ይጻፍ፤ እሱም ገቢ ነው።

ከወረታ
ደመወዝ ሲያልቅ ያልቃል፤ ኩሬ ግን ይቀራል። አንቺ ሰኔ ላይ መጥተሽ ጥቅምት ላይ ትሄጃለሽ፤ እዚህ የሚቀረው ልጅ ሥራ ይጠይቀኛል። ሊጠፋ ለደረሰ ዓሣ ብቻ ተጻፈ ብዬ አልመልስለትም።

ከጎርጎራ
እውነቱን ነው፤ የልጁም ጥያቄ ጥያቄ ነው። ልጅቷም እውነቷን ነው። ለኩሬው ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ይፈለግ። ቆሮሶውንም ከራሱ ከሐይቁ እናጥምድለት፤ ሰበታ ድረስ ምን አስኬደን?

የማስፈልፈያው ባለሙያ
ጋሼ ባሉት መንገድ ከሆነ ኩሬው ላይ አልጣላም። ሁለቱ ነገሮች ግን በጽሑፍ ይግቡ፦ ቦታው ከጎርፍ መስመር በላይ እንዲሆን፣ ከጣና ውጭ ሕይወት ያለው ዓሣ እንዳይመጣ። አለበለዚያ ከሙያ ገጹ ላይ ስሜ ይውጣ።

ሰብሳቢ
ይገባሉ። አዲሱ ርዕስ «የጉማራ አፍ ጥበቃና የወጣቶች የቆሮሶ ኩሬ» ነው። ማስፈልፈያው ገጽ አራት ላይ «በሙከራ ደረጃ» ተብሎ ገብቷል፤ አንድ ገንዳና አንድ ፓምፕ ተይዞለታል። ለመስማማት ከዚህ በላይ መሄድ አልቻልሁም።

የማስፈልፈያው ባለሙያ
በአንድ ገንዳ አንድ ዝርያ ብቻ ነው የምይዘው። ሌሎቹ ዘንድሮም ወደ መረቡ ይሄዳሉ። ይህም ገጽ አራት ላይ ይጻፍ፤ ረጂው ይወቀው።

ገንዘብ ያዥ
የጀልባው ሞተር በማን ስም ይመዘገባል?

ሰብሳቢ
በማኅበሩ። ከደልጊ፣ ፕሮፎርማው የታለ? ሰኞ ካልህ ሁለት ሰኞ አለፈ።

ባለ ጀልባ
ስልኩም አይነሣም። ለጀልባው ሞተር እኔ ሦስት ፕሮፎርማ አለኝ፤ ነገ አስገባለሁ።

ሰብሳቢ
የገንዳውና የፓምፑ ከሌለ ገጽ አራት ሳይሞላ ይሄዳል።

የማስፈልፈያው ባለሙያ
ሳይሞላ አይሄድም። ነገ ጠዋት ባሕር ዳር ሱቆቹን እዞራለሁ፤ ከሰዓት ጽሕፈት ቤት አገኛችኋለሁ። ማኅተሙን የያዘ ሰው እስከ 11 ሰዓት እንዳይወጣ።