ለዲጂታል ጊታር ፕሮሰሰር ድምፅ የማይቀይር ስፒከር የትኛው ይሻላል?

ባለ ስድስት ክር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳና ስታዲየም አካባቢ ሆቴልና ክለብ ውስጥ ነው የምሠራው። ባንዱ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስና ድምፃዊ አለው። አምፔን ሸጬ ኤችኤክስ ስቶምፕ የሚባለውን ዲጂታል ፕሮሰሰር ይዣለሁ። ቤት በሄድፎን ስሰማው ልብ ያጠፋል፤ ስቴጅ ላይ በክለቡ ሞኒተር ሲወጣ ግን አንዱ ጋ ይጮኻል፣ ሌላው ጋ ይታፈናል፣ የምሠራበት ቤት በተቀየረ ቁጥር ድምፄም ይቀየራል። የራሴን ስፒከር ልገዛ ነው። ለጊታር ተብለው የተሠሩትን እንደ ሄድራሽ ያሉትን ልውሰድ ወይስ ተራ ፒኤ (የአዳራሽ ድምፅ ማጉያ)? ባለ 8፣ ባለ 10 ወይስ ባለ 12 ኢንች? መኪና የለኝም፣ በራይድ ነው የምመላለሰው፣ እሱንም አስቡልኝ።

ሳውንድ ማኑ፦
ለጊታር የተሠራ የሚለው ጽሑፍ አያታልልህ። አብዛኞቹ ውስጣቸው ያው ፒኤ ነው፤ ዉፈር (የባሱ ስፒከር)፣ ሆርን (የትሬብሉ)፣ አምፑ ከኋላ። እኔ ብሆን ያገለገለ ያማሃ ዲኤክስአር 10 ወይም ኪውኤስሲ ኬ 10.2 ነው የምፈልገው። ሁለቱም 14.5 ኪሎ ገደማ ናቸው፣ ራይድ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ባለ 8 ከድራም ጋር ሲሆን ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ያጥረዋል። ባለ 12 አሪፍ ነው፣ ግን ፎቅ ላይ ያለ ክለብ ስትሄድ ተሸካሚው አንተ ነህ።

ዋቱን ብዙ አትመልከት። ኬ 10.2 ላይ የተጻፈው 2000 ዋት ፒክ ነው። ከኋላ ያለውን ማብሪያ ግን እይ። ዲኤክስአር ላይ ዲ-ኮንቱር የሚባል አለ፣ ኦፍ አድርገው። ሱቅ ውስጥ "ዋው" የሚያሰኝህ እሱ ነው፤ ባሱንና ትሬብሉን ከፍ ያደርግና ስቴጅ ላይ ጉድ ይሠራሃል።

ባቲ ማይነር፦
ገንዘብህን ሳታወጣ ፓችህን (ፕሮሰሰሩ ላይ ያስቀመጥከውን የድምፅ ቅንብር) እይ እስቲ። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ድምፁ ቶሎ ይወድቃል። ፒኤ ወደ 20 ይጠጋል። ስለዚህ የጊታር ካቢኔትን ድምፅ የሚያስመስለው ካብ ሲሙሌሽን ወይም አይአር ካልበራ ዲስቶርሽኑ እንደ ንብ ቀፎ ነው የሚሆነው። በርቶም ቢሆን ሃይ ከቱን (ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚቆርጠውን) 7 ኪሎኸርዝ፣ ሎው ከቱን (ከታች ያለውን ባስ የሚቆርጠውን) 90 ኸርዝ አካባቢ ጀምርና በጆሮህ አስተካክል።

ደግሞ በሄድፎን ቀስ ብለህ የሠራኸው ፓች ሲጮህ ሌላ ነው። ድምፅ ሲጨምር ጆሯችን ባስና ትሬብሉን አብዝቶ ይሰማል። ልምምድ ላይ፣ ባንዱ እየተጫወተ፣ በስቴጁ ከፍታ ሥራው። ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) እንዳትቆርጥ! ቤት ብቻህን ስትሆን የሚያስጠላህ ሚድ ነው ከሳክሱና ከኪቦርዱ መሃል የሚያወጣህ። ስፒከሩን መሬት ላይ ካጋደምከው ባሱ ስለሚጨምር ሎው ከቱን ትንሽ ከፍ አድርገው።

አራዳው፦
እኔ አልስማማም ጓዶች። ፓወር አምፕና የጊታር ካቢኔት ይግዛ፣ ካብ ሲሙሌሽኑን ይዝጋ፣ በቃ። ከኋላህ ሱሪህን የሚነቀንቅ ነገር ከሌለ ሮክ መጫወት ምኑ ላይ ነው? ፒኤ ስፒከር ማይክ የተደረገ አምፕ ነው የሚያሰማህ፣ አምፑን ራሱን አይደለም።

ሳውንድ ማኑ፦
አራዳው፣ ስሜቱ ላይ ልክ ነህ። ግን ልጁ የጠየቀው ቤት በተቀየረ ቁጥር ድምፁ እንዳይቀየር ነው። ካቢኔት ካመጣ እኔ ማይክ ልደቅንለት ነው፣ የማይኩ ቦታ ደግሞ በየቤቱ ይለያያል። ድምፅ በማይቀይር (ፍላት) ስፒከር ከሆነ ግን አንዱ አውትፑት ወደ ስፒከሩ፣ ሌላው በዲአይ ቦክስ (ድምፁን ለሚክሰሩ በሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ወደ ሚክሰር ይገባል። ሞኖ አድርገው ብቻ፣ አለዚያ ስቴሪዮ ዲሌይህ ግማሹ ለአንተ ግማሹ ለተመልካቹ ይሆናል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ደግሞ ስፒከሩን አጥፋ፣ ሲረጋጋ አብራው።

ባለ ስድስት ክር፦
ኑሩልኝ። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ዲኤክስአር 10 አግኝቻለሁ፣ ሰውዬው መሞከር ይቻላል ብሏል። ምን ይዤ ልሂድ?

ባቲ ማይነር፦
ስቶምፑን ከነገመዱ፣ ስልክህ ላይ ደግሞ አብጠርጥረህ የምታውቀውን አንድ ዘፈን። መጀመሪያ ዘፈኑን ክፈት። ድምፃዊው በአፍንጫው የሚዘፍን ከመሰለህ ወይም ባሱ ከጎረመረመ ተወው። ደህና ከሆነ ጊታርህን ሰካና ዞር ዞር እያልክ ስማው፣ ፊት ለፊት ብቻ አይደለም። መጨረሻ ላይ ጮክ አድርገው፤ ሰውዬው "ኧረ ጎረቤት!" እስኪልህ ድረስ። የተቀደደ ዉፈር የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው፣ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ተነጋገር።