የአመራር ስልጠና ተጠርቻለሁ፤ ፎርሙ ግን ፎቶና የሕይወት ታሪክ ይጠይቃል። ልግባበት?

የኢስሊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ናይሮቢ ነው። ኢስሊ አካባቢ ያለን ሐበሾች፣ ዜጎችም (የራሳችንን ጾታ የምናፈቅር በመካከላችን እንዲህ ነው የምንባባለው) ትራንሶችም (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ በሌላ የሚኖሩ)፣ እሁድ እሁድ ቡና እያፈላን እንገናኛለን። ዕቁብም አለን። ሰው ሲታመም፣ አከራይ ሲያስወጣው፣ ፖሊስ ሲይዘው ከዚያው ላይ እናዋጣለን። መሪ የሚባል የለንም፤ ግን ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነው። ሌሊትም ቢሆን።

አሁን አንድ ድርጅት ለአዳዲስ የኤልጂቢቲኪው (እንደ እኛ ያሉ ዜጎችና ትራንሶች) እና የኢንተርሴክስ (ሲወለዱ ሰውነታቸው ከተለመደው የወንድ ወይም የሴት አካል ለየት ያለ ሰዎች) መብት አክቲቪስቶች በሚሰጠው ስልጠና ላይ ጠርቶኛል። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሆቴል ገብተን እንሰለጥናለን። ከዚያ ለስድስት ወር ከአንድ ሜንተር፣ ማለትም ልምድ ካለው መካሪ ጋር ያገናኙናል። ከሦስት ሰዎች አንዷን ወይ አንዱን ምረጪ ተብያለሁ። አንዷ አውሮፓ ያለች ስሟ የገነነ አክቲቪስት ናት። አንዱ ኬንያዊ ጠበቃ ነው። ሦስተኛዋ እዚሁ ናይሮቢ የማኅበር ሂሳብ ስትይዝ የኖረች ኡጋንዳዊት ናት።

የከበደኝ ፎርሙ ነው። ፎቶ፣ ሙሉ ስም፣ «የሕይወት ታሪክሽን በሁለት ገጽ»። ከታች ደግሞ ድርጅቱ ለሕዝብ ግንኙነት ሊጠቀምበት እንደሚችል ፈርሚ ይላል። እናቴ አዲስ አበባ ናት። ወንድሜ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ሌላም አለ። ኢንተርሴክስ የሆነ ጓደኛዬም ተጠርቷል። ፕሮግራሙን አይቶ «ስማችን ርዕሱ ላይ አለ፤ ውስጡ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልተያዘልንም» አለኝ። አዘጋጆቹን ብጠይቃቸው «ስልጠናው ሁሉንም ያካትታል» አሉኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቀጨኔው

እህቴ፣ ግቢበት። ግን ፎርሙን እንዳለ አትፈርሚ።

በፎቶው ልጀምር። «ፎቶና ታሪክ አልሰጥም፤ በዚህ ምክንያት እቀራለሁ ወይ?» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂያቸው። በስልክ አይሁን፤ በጽሑፍ ይሁን። ደህና ሰዎች ከሆኑ ግዴታ አይደለም ይሉሻል። ግዴታ ነው ካሉሽ ተያቸው፤ ሌላ ስልጠና ይመጣል። አገር ቤት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ፤ ያሳስራል። ነገሩ ሕጉ ላይ ብቻ ቢቆም ባልከፋ። በእኛው አቆጣጠር በ2015 ክረምት ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ስም እየለጠፉ ሲያሳድዱ የነበረውን አንቺም አይተሻል።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ። ስልጠና ላይ ኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። የተነሳው ፎቶ የአንድ ድርጅት ሪፖርት ሽፋን ላይ ወጣ። ፊቱ ግማሹ ነው የሚታየው። ነገር ግን አንገቱ ላይ የጠመጠማት ፎጣ እናቱ ፈትላ ያሠራችለት ናት፤ ጠርዟ ላይ ያለውን ጥለት ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። እህቱ ከአዲስ አበባ ደውላ «ይሄ አንተ ነህ አይደል?» አለችው። ከዚያ በኋላ ቤት የሚያነጋግረው ሰው የለም። ሪፖርቱን ያወጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ፊቱ ስላልታየ የተደበቀ መሰላቸው። ስለዚህ አዳራሽ ስትገቢ ማን ፎቶ እንደሚያነሳ፣ ፎቶው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያጠፋው ጠይቂ። እንዳታፍሪ። አንቺ ስትጠይቂ ሌሎቹም ይተነፍሳሉ።

ወደ ሜንተሯ ልምጣ። እኔ ብሆን ኡጋንዳዊቷን እመርጣለሁ፤ ያውም ሳላመነታ።

ምክንያቴን እዚሁ ናይሮቢ ከሆነው ነገር ልንገርሽ። ኬንያዊው የመብት ተሟጋች ኤሪክ ጊታሪና ባልደረቦቹ የኤልጂቢቲኪው መብት ማኅበራቸውን ለማስመዝገብ ጠየቁ፤ መዝጋቢው ስሙን አልቀበልም አለ። በፈረንጆቹ 2013 ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2015 ረቱ። መንግሥት ይግባኝ አለ፤ በ2019 እንደገና ረቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻውን ቃል የሰጠው በየካቲት 2023 ነው፤ ያውም 3 ለ 2። እንግዲህ አስር ዓመት ሄደ፤ ያውም ለመመዝገብ ብቻ። በመሀሉ ግንቦት 2019 ላይ ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርጉት የኬንያ ሕግ አንቀጾች ይሰረዙ የሚለው ሌላው ክስ ውድቅ ሆኗል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያልፈው ጥሩ ተናጋሪ ስላለ ብቻ አይደለም። ኪራይ በወሩ መከፈል አለበት፣ ደረሰኝ መቀመጥ አለበት፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ አለበት፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ፋይሉን አንስቶ መቀጠል አለበት። ይህን ሥራ የምታውቀው ያቺ ሴት ናት።

ስድስቱን ወር ደግሞ በወሬ አትጨርሱት። በጀት ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጪ። የእርዳታ ውል ስታነብ አብረሽ አንብቢ። ናይሮቢ ውስጥ ኡሃይ የሚባለው ፈንድ ከ2009 ጀምሮ አለ። ገንዘቡ ለማን ይሰጥ የሚለውን ከክልላችን የተውጣጡ አክቲቪስቶች ራሳቸው ተቀምጠው ነው የሚወስኑት። የማመልከቻ ፎርማቸውን ከእሷ ጋር አንድ በአንድ እዩት፤ ባታመለክቱም ትማሪበታለሽ። ሁለት አባላት ዕቁብ ላይ ሲጣሉ ምን እንደምታደርግ ጠይቂያት። ማኅበር የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በመንግሥት ብቻ እንዳይመስልሽ።

ከጻፍሽው ሁሉ የቆረቆረኝ ግን «ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነው» ያልሽው ነው። አንቺ ብትታመሚ ወይ ሦስተኛ አገር ብትሄጂ ያ ቡና ይቀጥላል? ከስልጠናው አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ብትወጪ ይህን ያዢ፦ ስድስቱ ወር ሲያልቅ ሌሊት የሚደወልላቸው ሰዎች ሦስት ይሁኑ። ለአዘጋጆቹም ግብሽ ይህ እንደሆነ ንገሪያቸው። ከስድስት ወር በኋላስ ምን አለ ብለሽ ጠይቂ። ውሎ አበል ከፍሎ፣ ሰርተፊኬት አድሎ የሚበትን ስልጠና ሞልቷል።

ባለጥያቄ ምልክት

እኔ ኢንተርሴክስ ነኝ። ጓደኛሽ ልክ ነው።

የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው ማን ማንን ወደደ ከሚለው አይደለም። የሚጀምረው ማዋለጃ ክፍል ነው። ኬንያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2009 የተወለደች አንዲት ሕፃን ነበረች። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ወንድ ወይም ሴት በሚለው ቦታ የጥያቄ ምልክት አደረገ። በጥያቄ ምልክት የልደት ምስክር ወረቀት አይወጣም። እናትየው ፍርድ ቤት ሄደች፤ በ2014 ውሳኔ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ መንግሥት አጥኚ ቡድን አቋቋመ። በ2019 የሕዝብ ቆጠራ ኢንተርሴክስ ሰዎች ለብቻ ተቆጠሩ፤ 1,524 ተመዘገበ። በ2022 የሕፃናት ሕጉ ላይ ስማችን ገባ። ይህን ሁሉ የጀመረችው አንዲት እናት ናት። ማንም የአመራር ስልጠና አልሰጣትም።

የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽንም መጋቢት 2023 ላይ ስለ ኢንተርሴክስ ሰዎች ብቻ ውሳኔ አሳልፏል፤ ቁጥሩ 552 ነው። ጓደኛሽ ለአዘጋጆቹ ይጥቀሰው። «ያካትታል» ማለት አይበቃም። አዋላጅ ነርስን እንዴት እናነጋግር፣ የሕክምና ፋይሌን እንዴት ላስወጣ፣ ልጃቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ነገ ይደረግ የተባሉ ወላጆች ዘንድ ማን ይሂድ፣ ይህን የሚያስተምር አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። አስተማሪዋም ሜንተሩም ከእኛው መሆን አለባቸው።

ደግሞ አደራ፣ ማንም ስለ ሰውነቱ እንዲተርክ አያስገድደው። «ራሳችሁን አስተዋውቁ» ሲባል እኛ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ሁሉም ልብሳችን ስር ያለውን መስማት ይፈልጋል። ስሙን ተናግሮ ይቀመጥ። ሁላችንም ኤልጂቢቲኪው አይደለንም፤ አንዳንዶቻችን ነን። አብረን የምንሠራው ተመካክረን ሲሆን ነው የሚያምረው።

ማርታ ከሜሪላንድ

የቀጨኔውን አከብራለሁ፤ ሜንተሯ ላይ ግን አልስማማም። እህታችን የስደተኛ ወረቀቷ ገና ያላለቀ ከሆነ ጠበቃው ይቀድማል። ሆቴሉ ከናይሮቢ ውጭ ከሆነ በያዝሽው ወረቀት መሄድ ትችያለሽ ወይ? መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆምሽ ማን ይደውላል? ይህን የሚያውቅ ሰው ያስፈልግሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካልታየሁ አክቲቪስት አይደለሁም ብለሽ እንዳትጨነቂ። ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለውን የኢትዮጵያውያን ኤልጂቢቲኪው መብት ድርጅት ያቋቋሙት ኢትዮጵያውያን ከአገር ውጭ ሆነው በግልጽ ይናገራሉ። መታየት የሚችል ይታይ። እናቷ ቦሌ ወይ መርካቶ ያለች ልጅ ያንን ሸክም መሸከም የለባትም። አንቺ እዚያ ሰው ከእስር እያስወጣሽ ነው።

የቀጨኔው

ማርታ፣ ስለ ወረቀቱ እውነትሽን ነው። ግን ጠበቃ እኮ ሜንተር ሳይሆንም ይገኛል። ቁጥሩን ይስጣት፤ ከመንገዱ በፊት አንድ ቀን ያማክራት። ስድስቱን ወር ግን ለኡጋንዳዊቷ ትስጥ። ለደህንነቱ ደግሞ ካምፓላ ያለው ዲፌንድ ዲፌንደርስ የሚባለው ድርጅት ከፈረንጆቹ 2005 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካና የቀንዱን አገሮች የመብት ተሟጋቾች ይረዳል፤ ኢትዮጵያውያንንም ይጨምራል። አድራሻቸውን አሁኑኑ ያዢ። ችግር ከመጣ በኋላ መፈለግ ከባድ ነው።

የኢስሊዋ

እግዜር ይስጥልኝ። በጽሑፍ ጠየቅኳቸው። ፎቶውም ታሪኩም ግዴታ አይደለም ብለው መለሱ፤ ፊርማውንም ከፎርሜ ላይ አወጡልኝ። በቅጽል ስም እገባለሁ። ኡጋንዳዊቷን መርጫለሁ፤ ጠበቃውም ከመሄዳችን በፊት ሊያገኘኝ ቀጠሮ ሰጥቶኛል።

ጓደኛዬ ደብዳቤውን ጻፈ። ቁጥር 552ንም አስገብቶታል። ሙሉ ቀን ካልሰጡን አልመጣም ብሏል። እስካሁን አልመለሱለትም። እኔም እሱ ከቀረ ለምን እንደቀረ መጀመሪያው ቀን ላይ እዚያው አነሳዋለሁ።

እሁድ ቡና ላይ ስለ ስልኩ ጉዳይ ተነጋገርን። ሁለት ልጆች እኛ እንያዝ አሉ። አንዷ አፋን ኦሮሞም ሶማሊኛም ትናገራለች፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የቸገረን ስልክን እንዴት መቆለፍ፣ መልእክት እንዴት ማጥፋት እንዳለብን የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ያገኘነው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያለው ካለ በውስጥ መስመር ይላክልኝ።