የቅድመ አያት ዕድሜ አልገጥም አለኝ፤ የሕዝብ ቆጠራውን ልመን የሞት ወረቀቱን?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለልጆቼ የአባታቸውን የዘር ሐረግ እየሰበሰብኩ ነው። የባለቤቴ ቅድመ አያት አሜሪካ ኖረው በ1931 ሞቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የ1900 ቆጠራ 32 ዓመት ይላቸዋል፣ የ1910ሩ 41፣ የ1920ው 51። የሞት ምስክር ወረቀታቸው ግን በ1871 ተወለዱ ይላል። የእናታቸው ስም ደግሞ «አይታወቅም»። ሁለት ሰው አደባልቄ ይሆን? ሁለት ወር ሙሉ እዚሁ ላይ ቆሜያለሁ።

አሮጌ መዝገብ፦
እህቴ፣ ቆጠራዎቹ አልተጋጩም። የቆጠራውን ቀን እዪ። በ1900 የተጻፈው ጁን 1 ላይ የነበራቸው ዕድሜ ነው። በ1910 ኤፕሪል 15፣ በ1920 ደግሞ ጃንዋሪ 1። በ1868 ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን 1 የተወለደ ሰው ልክ 32፣ 41፣ 51 ይሆናል! የ1900ው ቆጠራ የልደት ወርና ዓመትም ይጠይቅ ነበር። ማውጫውን ተይውና የገጹን ፎቶ ክፈቺ።

የአያት ልጅ፦
ሟች ስለ ራሱ አይናገርም። የሞቱበትን ምክንያት ሐኪም ነው የሚሞላው። የልደት ቀንና የወላጆች ስም ግን ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት ተጠይቆ የሚጻፍ ነው። «መረጃ ሰጪ» የሚለው ቦታ ላይ ማን አለ? እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ፍለጋ ላይ፦
ለእናትየው ወደ 1880 ሂጂ። ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ናቸው፣ ከወላጅ ጋር ይኖራሉ። እያንዳንዱ ሰው ለቤቱ አባወራ ምኑ እንደሆነ መጻፍ የተጀመረውም በዚያው ቆጠራ ነው። 1890ን አትድከሚበት፤ አብዛኛው በ1921ዱ የእሳት አደጋ ሳቢያ ጠፍቷል። የ1880ውን ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ። የአባት ስሙ ካልመጣልሽ በመጠሪያ ስም፣ በዕድሜና በትውልድ ግዛት ብቻ ሞክሪ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ፎቶው ላይ «ሜይ 1868» ይላል። የሞት ወረቀቱን ያስሞላው አማቻቸው ነው። በ1880 ደግሞ የ12 ዓመት ልጅ አገኘሁ፤ የአባት ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል። እናትየዋ ከእሳቸው የመጀመሪያ ሴት ልጅ ጋር ሞክሼ ናት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

የአያት ልጅ፦
እንኳን ደስ ያለሽ። ግን ሐረጉ ላይ ገና አትጻፊያት። እዚያ ቤት ያሉትን ወንድምና እህቶች ስም ያዢና የእነሱን የሞት ወረቀት ፈልጊ። የአንዳቸውን ወረቀት ያስሞላው ሰው የእናትየዋን ስም ያውቅ ይሆናል።