ኬራላ ውስጥ ጀልባ እውነት እንደ ታክሲ ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ ሕንድ፣ ኬራላ፣ ትሪቫንድረም ከተማ ማስተርስ ልትማር ነው። እኔ አድርሻት ልመለስ አስቤያለሁ። ትኬታችን እስከ ሙምባይ ነው። ከዚያ ባቡር ይሻላል ወይስ ሌላ በረራ? ደግሞ ቪዲዮ ላይ ሰው በጀልባ ሥራ ሲገባ አየሁ። እውነት ነው ወይስ ለቱሪስት ነው? ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ ጀልባ የተሳፈርኩት ስንት ጊዜ እንደሆነ በጣቴ እቆጥራለሁ፣ እሱም እንግዳ ዘጌ ለማድረስ፤ ባለፈው ሞተሩ መሀል ላይ ጠፍቶብን አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ።

ኮቺ ኖሬያለሁ፦
እንኳን ደስ አላችሁ! ሻንጣ ከበዛ በአውሮፕላን ቀጥሉ፣ ትሪቫንድረም ራሷ ኤርፖርት አላት። ኮቺ፣ ኮዚኮድና ካኑርም አላቸው። ጊዜ ካላችሁ ግን ባቡሩን እንዳታልፉት። የኮንካን መስመር ይሉታል፣ በፈረንጅ 1998 ነው ያለቀው፣ ከሙምባይ በታች ጀምሮ እስከ ማንጋሎር አካባቢ ድረስ በተራራና በባሕር መሀል ዋሻ ለዋሻ፣ ድልድይ ለድልድይ ይወስዳችኋል። ኮቺ ለመውረድ ካሰባችሁ ጣቢያው ኤርናኩላም ነው የሚባለው። እሱም ሁለት ነው፣ ጃንክሽንና ታውን። እኔ አምታትቼ በባጃጅ ስሯሯጥ (እዚያ ኦቶ ነው የሚሉት) ባቡሩ ጥሎኝ ሄዷል።

አገሩ ቀጭን ነው። በምዕራብ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ የባሕር ዳርቻ፣ በምሥራቅ የጋትስ ተራሮች፣ ሰፋ የሚለው ቦታ ላይ እንኳ 120 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ባቡሩም 66 ቁጥር አውራ ጎዳናም ከሰሜን ደቡብ ይወርዳሉ። ከተሞቹ ደግሞ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ አውቶቡስ ላይ ትሰለቻላችሁ። ከኮቺ ትሪቫንድረም 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባቡር ምረጡ። መኪናው በግራ ስለሚሄድ ስትሻገሩ ተጠንቀቁ።

ጀልባው እውነት ነው። 44 ወንዝ አላቸው፣ 41ዱ ወደ ምዕራብ ይፈሳሉ፣ ዳርቻው ጋ ሲደርሱ ሐይቅና ቦይ ይሆናሉ። ከአላፑዛ ኮታያም በመንግሥት ጀልባ ሄጃለሁ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ፣ ዘንቢል የያዘች ሴት፣ ልክ እንደ ከተማ አውቶቡስ። በፈረንጅ 2017 ደግሞ 75 ሰው የሚጭን በፀሐይ የሚሠራ ጀልባ አስገብተዋል። ኮቺ ላይ ከ2023 ጀምሮ በባትሪ የሚሄዱ ጀልባዎች ደሴቶቹን ከከተማው ያገናኛሉ፣ «የውሃ ሜትሮ» ብለውታል።

ጡረተኛው፦
በጃንሆይ ጊዜ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው የኬራላ ሰው ነበሩ። አገራቸውን ሲያወሩ ስለ ውሃ ሳያነሱ አይጨርሱም። እኛስ ልጆቼ፣ ይህን የሚያህል ሐይቅ ይዘን ለምን በመንገድ ብቻ እንዞራለን?

ባለጀልባ፦
ጋሼ፣ ጥያቄው ልክ ነው፣ ግን ውሃው አንድ አይደለም። እሱ የሚለው ቦይ ዳርና ዳሩ መንደር ነው፣ በየደቂቃው አንዱ ይወርዳል አንዱ ይሳፈራል። ጣና ክፍት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተነሳ ትንሽ ጀልባ ይዘህ አትጫወትም። ከባሕር ዳር ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ እያልክ ጎርጎራ እስክትደርስ ነዳጁ ይጨርስሃል። በገበያ ቀን ሰው አለ፣ በሌላው ቀን ባዶ። እምቦጩ ደግሞ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። እነሱ ይህ የለባቸውማ!

ኮቺ ኖሬያለሁ፦
@ባለጀልባ አለባቸው እንጂ! ቬምባናድ ሐይቅ ላይ የጨው ውሃ ሩዝ ማሳው እንዳይገባ በር ያለው ግድብ ሠርተዋል። በሩ ሲዘጋ እምቦጩ ይንሰራፋል፣ ሲከፈት ጨዋማው ውሃ ገብቶ ይገድለዋል። እኛ «ባሕር» ዳር እንበል እንጂ ጨው ከየት እናምጣ። ሌላ አረም አላቸው፣ ስሙ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የአፍሪካ አረም»! የመጣው ግን ከደቡብ አሜሪካ ነው። የኛን ስም አጠፉ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እህቴ አንብባ ባቡር ብላለች። የምንሄደው ሰኔ ውስጥ ነው፣ ችግር አለው?

ኮቺ ኖሬያለሁ፦
ዝናቡ ልክ ያኔ ነው የሚገባው፣ እንደኛው ክረምት። ሙቀቱ ግን አብሮ አለ። ካፖርቱን ቤት ትታችሁ ጃንጥላና ሸበጥ ያዙ።